እርጥብ ሥራ የት ይደር?

ሸራው ቁም ሣጥን ላይ አደረ። አንድ ሌሊት አይደለም፣ አሥራ ስምንት ሌሊት። በቁም ሣጥኑና በጣሪያው መሃል ያለችው ክፍተት ልክ ትሆነው ነበር። ቀለሙን ወደ ላይ አድርጌ አስተኛሁት፤ አቧራ እንዳያርፍበት በአራት ባዶ ጠርሙስ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ ከለልኩት። የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ስስ ከሆነ ቀናት ይበቁታል፣ ወፈር ያለ ከሆነ ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ የእኔ ደግሞ ወፍራም ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ቀን እንግዳ መጣብን። ብርድ ልብስ ከላይ ወረደ፣ ሥዕሉም አብሮ ወረደ። ግማሹ ፊት ብርድ ልብሱ ላይ ቀረ።

ማንም አላጠፋም። ቁም ሣጥን የብርድ ልብስ ቦታ ነው።

ያን ቀን አላለቀስኩም። ብርድ ልብሱን በጋዝ ሳሽ አመሸሁና ስጨርስ አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ዛሬ የጀመርኩት ሥራ ነገ ባለበት የሚጠብቀኝ ቦታ የለኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሴቶችና ስለ ጥበብ ሰው ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር በልቤ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ እሺ፣ እርጥቡ ሥራ የት ይደር?

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከአያት ወዲህ፣ ወደ ጣፎ በኩል። ከተማው እዚህ ጋ ሲደርስ መሳሳት ይጀምራል። ከብሎኮቹ ጀርባ አሁንም የጤፍ ማሳ የነበረ መሬት አለ፣ ከማሳው ወዲያ አዲስ ግንባታ አለ፣ ጠዋት ጠዋት በአህያ የተጫነ ገለባ ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋ ያልፋል። ሥዕል የማየት አምሮት ቢመጣብኝ ታክሲ ይዤ አያት ድረስ፣ ከአያት ደግሞ በባቡር መሃል ከተማ መግባት አለብኝ። ጋለሪዎቹ፣ ሙዚየሞቹ፣ የባህል ማዕከሎቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። የኤግዚቢሽን መክፈቻ የሚባለው ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አመሻሽ ላይ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሚከፈት ዐውደ ርእይ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ልጆቹን ማን ያብላ፣ ስመለስ ከአያት በኋላ ያለውን መንገድ በምን ልሂድ፣ ጨለማው ላይ ከማን ጋር ልሂድ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ መቅረት ነው። እንዲህ ቀርተን ቀርተን፣ የመሃል ከተማው ሰው እዚህ ዳር ላይ ሠዓሊ የለም ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም። አይቶን አያውቅማ።

እዚህ ሰፈር ስቱዲዮ የሚለው ቃል ትርጉሙ ሌላ ነው። ስቱዲዮ ማለት ትንሿ የኮንዶሚኒየም ቤት ናት፣ አንድ ክፍል፣ ማብሰያዋ ጥጉ ላይ የሆነች። ሰው ስቱዲዮ አለሽ ሲለኝ አዎ እላለሁ፤ ባሌ፣ ሁለት ልጆቼና እኔ የምንኖርባት ናት። የሠዓሊ ስቱዲዮ ግን የለኝም። ቤቷን አላማርርም። በእጣ የወጣች ቤት ናት፤ ከእጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ይያዝ ስለነበር እኔና እኔን የመሰሉ ብዙ ሴቶች በስማችን ቤት ለማግኘት በቅተናል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እናቴ በስሟ የተመዘገበ ነገር ሳይኖራት ነው ያለፈችው። ሆኖም አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሰው ሲተኛ አምስተኛ ሆኖ የሚያድር ሸራ ቦታ አያገኝም።

ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያወቅኩት በደረጃው ላይ ነው። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ኮሪደር ላይ ሁልጊዜ በላስቲክ የተሸፈነ ነገር አያለሁ። ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ላስቲኩን ገለጥ ሳደርግ ሦስት ጀበና፣ ገና ያልተተኮሱ፣ አንገታቸው እንደ ወፍ አንገት የቀጠነ። የሠሯቸው ከቀጨኔ የመጡ እናት ናቸው። ልጃቸው እጣ ደርሷት አብረዋት ገብተው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሸክላ ሠርተዋል፣ እናታቸውም፣ የእናታቸውም እናት። እማማ ነው የምንላቸው፣ እዚህም እማማ ልበላቸው።

«ምን ላርግ ልጄ» አሉኝ፣ «ጭቃ ሲደርቅ አይቸኩልም። ፀሐይ በቀጥታ ከመታው ይሰነጠቃል፣ ንፋስ ከመታው ይሰነጠቃል። ጥላ ይፈልጋል። እዚህ ቤት ደግሞ ጥላ ያለው ኮሪደሩ ብቻ ነው።»

ኮሪደሩ የሁሉም ነው። ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል፣ የጋዝ ሲሊንደር ይጎተትበታል። ከሦስቱ ጀበና ሁለቱ ለእሳት አልበቁም።

የእኔ ችግር የቀለም ነበር፣ የሳቸው የጭቃ። ሦስተኛዋ ደግሞ ስፌት ሰፊ ናት። መሶብ ወራት ይፈጃል። ስንደዶ የሚባለው ሣር መስከረም አካባቢ ተነቅሎ፣ ተሰንጥቆ፣ ደርቆ፣ ገሚሱ ቀለም ገብቶ አለላ ይሆናል፤ አክርማ የሚባለው ሌላው ሣር ለብቻ ይዘጋጃል፤ ከዚያ በወስፌ ከእምብርቱ እየዞሩ መውጣት ነው፣ በየዙሩ እየቆጠሩ። ቁጥሩ ከጠፋ ሐረጉ ይጣመማል። ቆጠራው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው እንጂ ወረቀት ላይ አልተጻፈም። እና እሷ እንደምትለው ከመሃል ተነስታ ዕቃውን ሰብስባ አልጋ ሥር በከተተችው ቁጥር አንድ ዙር ወደ ኋላ ትመለሳለች።

እንግዲህ አስቡት። ሥዕልም፣ ሸክላም፣ ስፌትም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። ሳይነኩ ማደር።

መጀመሪያ የተከራየነው ወደ ለገጣፎ መውጫ ላይ ሰርቪስ ቤት ነበር። ስድስት ሆነን። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ክረምት ላይ እርስ በርስ መሰማማት አይቻልም፣ በጋ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ግን ወደድነው። አከራያችን አንድ ዓመት ከአራት ወር እንዳስቀመጡን ልጃቸው ሊያገባ ነው አሉን። ወጣን። ሁለተኛው ቦታ ከኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ሱቅ ነበር፤ በስድስት ሺህ ብር ገብተን በዓመቱ አሥራ አንድ ሺህ ተባልን፣ አሥራ አምስት ቀን ተሰጠን። በ2016 ዓ.ም የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፣ ደስ ብሎን ነበር ስንሰማ። አዋጁ ግን የመኖሪያ ቤት ነው። ሱቅ አይመለከትም። ሴቶች ተሰብስበው ሸክላ የሚያደርቁበት ቤት ደግሞ ጭራሽ የትም አልተጻፈም።

ስንወጣ የተሰበረውን አልቆጥርላችሁም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከስድስታችን ሁለቱ ከሁለተኛው መባረር በኋላ ተመልሰው አልመጡም። አንዷ አሁን ጉሊት ትሸጣለች፣ ሳገኛት ስለ ሥዕል አታነሳም፣ እኔም አላነሳባትም። ጎበዝ ነበረች። ከሁላችንም ትበልጥ ነበር። ሰው ተሰጥኦ ካለው መንገዱን አያጣም ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን መንገዱን ያጣች ሰው አውቃለሁ፣ ስሟን አውቃለሁ፣ ቲማቲም ከሷ ነው የምገዛው።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ስለ ሴት አርቲስቶች የሚደረገው ነገር በአብዛኛው የአንድ ቀን ነገር ነው። የካቲት 29 ይደርሳል፣ ማርች 8። ስልክ ይደወላል። ሥራ አላችሁ? አለን። ይወሰዳል፣ አዳራሽ ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ አበባ ይታደላል፣ ማታ ይወርዳል። በማግስቱ ሥራዎቹ በገመድ ታስረው በር ላይ ይጠብቁናል። አከበሩን አላልኩም፣ አላከበሩንምም አላልኩም። ግን ዓመቱን ሙሉ የት እንደሠራነው የጠየቀን የለም።

ከዚያ ደግሞ ፕሮጀክት አለ። ሥልጠና አለ፣ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ አለ፣ ባነር አለ። ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ ሲበዛ ሁለት ዓመት። ከዚያ ፕሮጀክቱ አለቀ ይባላል። ፕሮጀክት የሚያልቅ ነገር ነው። ያልገባኝ ነገር ቢኖር የእኛ ሥራ የማያልቅ ሆኖ ሳለ ለምን በሚያልቅ ነገር ላይ እንደሚሰቀል ነው።

ባለፈው ሰሞን ስድስት ኪሎ ሄጄ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለውን የኢትኖሎጂ ሙዚየም ለማየት፤ ድሮ የንጉሡ ቤተ መንግሥት የነበረው ነው። ሙዳዩ፣ ሰፌዱ፣ እንስራው፣ ጥልፉ ተደርድሯል። አቤት ውበታቸው! በየዕቃው ሥር የተጻፈውን እየዞርኩ አነበብኩ። ባየኋቸው ላይ የዕቃው ስም አለ፣ የመጣበት አገር አለ፣ የሠሪዋ ስም ግን የለም። ከላይኛው ፎቅ ወርጄ ከዋንዛው ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ስንት ሴት ናት እዚህ ቤት ውስጥ ያለችው አልኩ። ስንት እጅ ነው።

ቋንቋችን ራሱ እኮ ያውቀዋል። ጥበብ እንላለን፣ የቀሚሱን ጠርዝ። ጥበብ እንላለን፣ ማስተዋልን። ጥበብ እንላለን፣ ሥዕሉንና ዜማውን። አንድ ቃል ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ያንን የጥበብ ጠርዝ ስታዩ ሸማኔውን ታደንቃላችሁ፤ ይገባዋልም። ግን ፈትሉን ማን ፈተለው? ጥጡን ዳምጣ፣ ባዘቶ አድርጋ፣ በእንዝርት ያቀጠነችው ሴት ናት፣ እሷን ገበያው አያውቃትም።

ሸክላ ሠሪዋማ ከዚህም የባሰ አይታለች። እማማ ልጅ ሳሉ የተጠሩበትን ስም እዚህ አልጽፈውም። አፄ ምኒልክ ባለእጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም ነው። መቶ ዓመት አልፎታል። እማማ ግን አሁን በኛ ዘመን ጎረቤት ልጇን ከሳቸው አጠገብ ስታነሳ አይተዋል፣ እዚሁ፣ በዚሁ ብሎክ። በሳቸው ጀበና ቡና የምታፈላ ጎረቤት ናት።

ስለዚህ ቦታ ስል ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ማለቴ አይደለም። እማማ በር ከፍተው ሲገቡ ማንም ልጁን የማያነሳበት ቤት ማለቴም ነው።

በዚች ከተማ ሴቶች በር ከፍተው አያውቁም ማለት ውሸት ይሆናል። ዛሬ በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1950 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ደስታ ሐጎስ ናት፣ ሴት ልጅ ሥዕሏን ለብቻዋ ሰቅላ ማሳየቷ ብርቅ በነበረበት ዘመን ሰቅላ ያሳየች። አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም አዲስ ፎቶ ፌስትን ጀምራ ከብዙ አገር የመጡ ፎቶግራፈሮችን እዚህ ሰብስባለች። መስከረም አሰግድ ደግሞ ከሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ጋር መካኒሳ ላይ ዞማ ሙዚየምን ሠራች። ዞማን ያላያችሁ ሂዱ። ጭቃ ነው፣ የጭድና የጭቃ ግድግዳ፣ አያቶቻችን ቤት በሚሠሩበት ብልሃት የተሠራ፣ ግድግዳው ላይ የተቀረጸው ሁሉ በእጅ ነው። መሬቱ ቀድሞ የተበከለ ነበር፤ አጽድተው፣ አፈሩን አክመው፣ ዛፍ ተክለው ነው እዚህ ያደረሱት። የመጀመሪያው የዞማ ማዕከል ከተቋቋመ ጀምሮ ሙዚየሙ በ2011 ዓ.ም በሩን እስኪከፍት አሥራ አምስት ዓመት ያልፈዋል።

ከዞማ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፣ አሥራ አምስት ዓመት። ጭቃ ሲደርቅ አይቸኩልም እንዳሉት ነው እማማ።

የቆመ ሁሉ ግን አይቆይም። ካዛንችስ ሲፈርስ ፈንድቃ የባህል ማዕከልም ከቦታው ተነሳ፣ በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ። ስንት ማታ የተጨፈረበት፣ ስንት ሥዕል የተሰቀለበት፣ ዓለም የሚያውቀው ቤት። እሱ ከተነሳ እኛ ማን ነን ያለች ጓደኛችን ነበረች፤ እውነቷን ነው፣ ለብዙ ቀን መልስ አላገኘሁላትም።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አገራችን ውስጥ። ማንም ቢሆን መሬቱን ለዘላለም ይዤዋለሁ ማለት አይችልም። በ2004 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ አዲስ አበባ ውስጥ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለባህልና ለስፖርት የሚሰጠውን ጊዜ 90 ዓመት አድርጎት ነበር። ቁጥሩን ሳነብ ልቤ ሞቀ። 90 ዓመት! የልጅ ልጄ አሮጊት ሆና ሥዕሏን የምታስቀምጥበት ጊዜ ነው። ግን ሊዝ በአብዛኛው ጨረታ ነው፣ ጨረታ ገንዘብ ነው፣ እኛ ደግሞ ያኔ ቁጥራችን አሥራ አንድ ሴቶች ደርሶ ነበር፣ ከመሃላችን የወር ደሞዝ ያላት አራት ብቻ። ለእኛ በሩ በዚያ በኩል አልነበረም።

በሩን ያገኘችው ስፌት ሰፊዋ ናት። አንድ ቅዳሜ ከጎረቤት ለቅሶ ስንመለስ ነው። ድንኳኑን እያዩ፣ አግዳሚ ወንበሩን እየቆጠሩ የሚያስረክቡትን ሰዎች ቆማ ስታይ ቆየችና፣ «ይሄ እድር ግን ስንት ዓመቱ ነው?» አለች። አብረውን የነበሩ አንድ ጋሼ መለሱ። «እኛ ከመሃል ከተማ ስንነሳ ይዘነው ነው የመጣነው። አባቴ የጻፈው መዝገብ አለ።»

ቤት ፈርሷል፣ ሰፈር ፈርሷል፣ ሰው ተበትኗል። እድሩ ግን ድንኳኑንና ድስቱን ይዞ ተከትሏቸው መጥቷል።

እቁብ ያልቃል። እጣው ለሁሉም ሲደርስ፣ ሌላ እንጀምር ወይስ ይብቃን ይባላል። እድር ግን አያልቅም። የመሠረቱት ሞተው፣ ራሱ እድሩ ቀብሯቸው፣ ልጆቻቸው ይቀጥላሉ። በወር የሚዋጣው ትንሽ ነው፣ ደንብ አለ፣ መዝገብ አለ፣ ያረፈደ ይቀጣል፣ ዕቃ የሰበረ ይተካል። ለጋሽ የለውም፣ ባነር የለውም፣ ማንም ሥልጠና አልሰጠውም። ይህን ሁሉ እያወቅን፣ የሴቶች እድር ውስጥ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ሆነን እየሠራን፣ ለጥበብ ሲሆን ለምን ይሆን ሁልጊዜ የሆነ ሰው መጥቶ እስኪከፍትልን የምንጠብቀው? ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቆይተን ስናወራ ለካ አሥራ አንዳችንም ያላንቀላፋነው በዚያው ሐሳብ ነበር።

በየኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ሕንፃ እንዳለ ታውቃላችሁ። በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ተብሎ የተሠራው። የእኛው እንጀራ መጋገሪያ ክፍል ለዓመታት ተዘግቶ ነበር፣ ምክንያቱም ሁሉም ቤቱ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው የሚጋግረው። ውስጡ የተሰበረ ወንበር፣ የደረቀ ሲሚንቶና አሮጌ በር ተከምሮበታል። ግን ጭስ መውጫ አለው፣ ውሃ መስመር አለው፣ በሰሜን በኩል ሰፊ መስኮት አለው። የሰሜን ብርሃን ለሠዓሊ ምን እንደሆነ ሥዕል የያዘ ሰው ያውቃል፤ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን ሙሉ አይዘልም፣ አይቀልጥም፣ እንዳለ ይቆያል።

እኛም እንደ እድር ተደራጅተን፣ ክፍሉ እንዲሰጠን ለነዋሪዎች ኮሚቴ ማመልከቻ ጻፍን። ስብሰባው ላይ የተባለውን ሁሉ አልጽፍም፣ ሰዉ የሚለው አለው። አንድ አባት ግን ተነስተው የጠየቁት ልክ ነበር። «ልጆቼ፣ ሥዕል መልካም ነው። ነገ ደክሟችሁ ብትተዉትስ? ቁልፉን ከማን እንቀበላለን?»

መልሱን የሰጡት እማማ ናቸው። ስብሰባ ላይ ተናግረው አያውቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙና፣ «ከእድሩ ትቀበላላችሁ» አሉ። «እኔ ብሞት እሷ አለች፣ እሷ ብትሄድ ያቺ አለች። ተጽፏል።» እውነትም ተጽፎ ነበር። መተዳደሪያ ደንባችንን ይዘን ነው የገባነው፣ ቁልፍ በሦስት ሴቶች እጅ እንዲሆን፣ በየዓመቱ እንዲዞር፣ በበዓል ቀን ክፍሉ ለሰፈሩ ክፍት እንዲሆን፣ በየወሩ ሁለት መቶ ብር እንድናዋጣ። በእጅ ማውጣት አሥር ዓመት ተፈቀደልን። 90 አይደለም። አሥር ነው። ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤው እንደገና ያያል። እኔ ግን ከሁለት አከራይ በኋላ አሥር ዓመት ሲሉኝ ወንበሬን ይዤ ነው የተቀመጥኩት።

ከደንቡ አንቀጾች ሁሉ የምወደው የመጀመሪያው ነው። ያላለቀ ሥራ ከባለቤቷ በቀር ማንም አያነሳም። ልጅ ታቅፋ የገባችም፣ ልታጸዳ የገባችም፣ እንግዳ ሊያሳይ የመጣ ኮሚቴም። ቦታ ከጠበበ ባለቤቷ ትጠራለች እንጂ ሥራው አይነሳም። ይህን አንቀጽ ስናጸድቅ ቁም ሣጥኔን አሰብኩ።

ክፍሉን ለማጽዳት አምስት ቅዳሜ ፈጀብን። ጥላሸቱ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል፣ በኖራ ሁለቴ ለቅልቀነውም ከሥር ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ከተሰበሩት ወንበሮች እንጨት መደርደሪያ ሠራን። አንድ የሰፈሩ አናጺ የሠራበትን አልተቀበለንም፣ ሚስቱ ጥልፍ ታውቃለች፣ አስገቧት አለ፤ ገባች። አንዱ ጥግ ላይ ምንጣፍ አንጥፈን ለልጆች አደረግነው። ይህ ጥግ ባይኖር ግማሾቻችን አንመጣም ነበር፤ ስለ ሴት አርቲስት ቦታ እቅድ የምታወጡ ሰዎች ካላችሁ ከመብራቱና ከፍሬሙ በፊት ይህን ጥግ ጻፉ፣ እለምናችኋለሁ። ሰዓታችንንም በሴቶቹ ጊዜ ነው ያስተካከልነው። ረቡዕ ከሰዓት፣ አርብ ልጆች ትምህርት ቤት ሳሉ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን። ማታ የለም። ከጨለመ የሚመለስ ሰው አይኖርም።

ሁሉም ነገር በሰላም አልሄደም። ተጣልተንበታል። ሸክላና ስፌት ከሥዕል እኩል ግድግዳና መደርደሪያ ይገባዋል ወይ በሚለው ላይ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣች አንዲት ልጅ ጋር ከባድ ቃል ተለዋውጠናል። የሷም ፍርሃት ገብቶኛል። ሴት ሥዕል ስትሥል እንኳ የእጅ ሙያ ተብሎ ነው የሚታለፍባት፤ ከጀበና ጎን ሲሰቀል ጭራሽ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ይመስላል ብላ ፈራች። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ አልለዘብኩም፣ አሁንም አልለዝብም። እማማ የጀበናውን አንገት ሲያወጡ ለአንድ ሰዓት አጠገባቸው ተቀመጡ። ልኬት የላቸውም፣ ማሽከርከሪያ የላቸውም፣ ጭቃው ቆሞ እሳቸው ናቸው ዙሪያውን የሚዞሩት። ጣታቸው ከውስጥ፣ አውራ ጣታቸው ከውጭ። ከዚያ በለስላሳ ድንጋይ ያሹታል፣ እስኪያበራ። ድንጋዩ የእናታቸው ነው። ይህ ጥበብ ካልሆነ እኔ የምሥለው ምን ሊባል ነው? ልጅቷ ተቀምጣ አየች። አሁን የሳቸውን እጅ በከሰል እየሣለች ነው፣ ሰባተኛው ወረቀት ላይ ናት። በሐሳብ ተስማምተናል ግን አልልም።

ሌላው ጉዳይ የስም ነው። በእያንዳንዱ ሥራ ሥር የሠሪዋ ስም ይጻፍ ብለን ወስነናል፤ ከሙዚየሙ ከተመለስኩ ወዲህ ይህን ነገር ሙጭጭ ብዬ ይዤዋለሁ። ወረቀቱን ስናዘጋጅ ተራ በተራ ጠየቅን። ሁሉም ስሟን ነገረችን። እማማ ጋ ስንደርስ ዝም አሉ። በሰፈሩ በልጃቸው ስም ነው የሚጠሩት፣ የእገሌ እናት። በቀጨኔም እንደዚያው ነበር። ቆይተው ቆይተው ስማቸውን ነገሩን፣ ከአባታቸው፣ ከአያታቸው፣ ከዚያም አልፈው ከእናታቸው ስም ጋር። የእናት ስም በእኛ አገር ከስም ጀርባ አይጻፍም። ጻፍነው። በትልቁ ጻፍነው። ልጃቸው እሁድ መጥታ አንብባ፣ የሴት አያቷን ሙሉ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው እዚያ ወረቀት ላይ እንደሆነ ነገረችን።

አሁን ክረምት ነው። ጭቃ በክረምት አይደርቅም ማለት ይቻላል፤ መተኮሻውም ሜዳ ላይ ስለሆነ ዝናብ ካለ እሳት የለም። እማማ ግን እየሠሩ ነው፣ መደርደሪያው ላይ እያሳደሩ መስከረምን ይጠብቃሉ። ዘጠኝ ደርሷል። ቅድም ስገባ እርጥብ ጨርቅ የተጣለበት አሥረኛ አየሁ፣ ትናንት ትተውት የሄዱት። ጨርቁ አልተነካም። ከሱ ጎን የስፌቷ እምብርት አለ፣ ወስፌው እንደተሰካበት፣ ሐረጉ አራተኛው ዙር ላይ። ከላይኛው መደርደሪያ የእኔ ሸራ ነው። ያው ፊት ነው፣ ብርድ ልብሱ ላይ የቀረው፣ እንደ አዲስ የጀመርኩት። በጣቴ ጫፍ ጠርዙን ነካሁት፣ ገና ነው።

ከሱ ቀጥሎ ያለውን አንድ ክንድ የሚሆን ቦታ ባዶውን ትተነዋል። ረቡዕ ቲማቲም ልገዛ ስሄድ እነግራታለሁ።